ከሚያዝያ እስከ ውጤት ቀን፦ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ላለው የጎንደር ወላጅ ዝርዝር መመሪያ

ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በአብዛኛው የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ልጁ ከቤቱ ይወጣል፤ ስልኩን ትቶ ይሄዳል፤ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በአንድ መኝታ ክፍል ያድራል። ፈተናውም የክረምቱ ዝናብ በሚበረታበት ወቅት፣ በሰኔ ማለቂያና በሐምሌ ይውላል። በእነዚያ ቀናት እናት ቁርስ አቅርባ መሸኘት፣ አባትም ማታ «እንዴት ዋልህ?» ብሎ መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ቤተሰብ ለልጁ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ከዚያ በፊት ባሉት ስምንት ወይም ዘጠኝ ሳምንታት ውስጥ መደረግ አለበት፤ ይህ መመሪያም የተጻፈው ለእነዚያ ሳምንታት ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሚጠብቀው ልጅ ያለው ወላጅም አብዛኛውን ሊጠቀምበት ይችላል።

እኔ ሁለት ልጆቼን እዚሁ ጎንደር ለዚህ ፈተና ያደረስሁ እናት ነኝ። በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ ያጠፋሁትን በሁለተኛዋ ጊዜ ለማረም ሞክሬያለሁ። ብዙ ወላጆች «እኔ አልተማርሁም፤ ፊዚክስ አላውቅም፤ በምን ልረዳው?» ሲሉ እሰማለሁ። ወላጅ ፊዚክስ ማወቅ አይጠበቅበትም። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ የልጇን ጊዜና እንቅልፍ ብትጠብቅለት፣ ያጠናውን በቃሉ ሲያወጣ አጠገቡ ተቀምጣ ብታደምጠው፣ አንደበቷንም ብትቆጣጠር፣ አስጠኚ ከምትቀጥረው ጎረቤቷ ያላነሰ ትረዳዋለች።

አንደኛ፦ ልጁ የት እንዳለ ይወቁ

ሥራው የሚጀመረው በንግግር ነው፤ ንግግሩም ከፋሲካ በዓል ማግስት ጀምሮ ባሉት ቀናት ቢሆን ጥሩ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት እንደገባ ወይም እንግዳ ባለበት አያንሡት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ ሲል ሻይ ይቅዱና «ከትምህርቶቹ የትኛው ያስፈራሃል?» ብለው ይጀምሩ። «ስንት ታመጣለህ?» ብሎ መጀመር በሩን ይዘጋዋል፤ ልጁ እርስዎ መስማት የሚፈልጉትን ቁጥር ነግሮዎት ይነሣል።

ከዚያ አንድ ደብተር ይክፈትና የሚፈተንባቸውን ትምህርቶች በየምዕራፋቸው ይጻፍ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና) ለሁሉም የጋራ ናቸው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ደግሞ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይጨመርለታል። በየምዕራፉ አጠገብ «አውቀዋለሁ»፣ «ረስቼዋለሁ»፣ «አልተማርሁትም» ከሚሉት አንዱን ያኑር። ይህን የሚያደርገው ልጁ ራሱ ነው፤ እርስዎ አጠገቡ ይሁኑ እንጂ አይመርምሩት።

«አልተማርሁትም» የሚለው ሲበዛ ካዩ አይደንግጡ፤ ልጁንም አይቆጡት። ይህ ትውልድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቱ የተዘጋበት ነው፤ በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቆየው ግጭት የስንቱ ልጅ ትምህርት እንደ ተቆራረጠ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል። የጎደለውን መሠረት የሚያውቅ ልጅ ጊዜውን የት እንደሚያውል ያውቃል። ያን ዝርዝር ይዘው ወደ ትምህርት ቤቱ ይሂዱና የትምህርቱን መምህር «ከእነዚህ ውስጥ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቁ። ወላጅ መምህር ፊት የሚቀርበው ልጁ ሲያጠፋ ብቻ መሆን የለበትም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዞ የመጣን ወላጅ አብዛኛው መምህር በደስታ ያስተናግዳል።

ሁለተኛ፦ ጊዜውን ከቤት ሥራና ከማኅበራዊ ግዴታ ይጠብቁለት

ወላጆች በጣም የሚዘነጉት ጉዳይ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። «ልጄ አያጠናም» የሚል ወላጅ፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ከተመለሰበት ሰዓት እስከሚተኛበት ድረስ ያለውን ጊዜ ለሦስት ቀን ብቻ በወረቀት ቢመዘግብ፣ ለጥናት የተተወለት ሰዓት ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ ያያል። ሱቅ ይላካል፤ ታናናሾቹን ይጠብቃል፤ ውኃ በመጣበት ሰዓት ጀሪካን ይደረድራል፤ እንግዳ ሲመጣ ተነሥቶ ቦታ ይለቃል።

የሴት ልጅ ደግሞ ይብሳል። በብዙ ቤት ወንዱ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ «ያጥና፣ አትንኩት» ይባላል፤ እኅቱ ግን በዚያው ዓመት፣ ለዚያው ፈተና እየተዘጋጀች እንጀራ ትጋግራለች፣ ቡና ታፈላለች፣ ዕቃ ታጥባለች፤ መጽሐፏን የምትገልጠው ሁሉም ሲተኛ ነው። ከዚያ ውጤቷ ሲያንስ «ሴት ልጅ ሒሳብ ይከብዳታል» ይባላል። ይህ በደል ነው፤ ልንተወውም ይገባል። ሁለተኛዋ ልጄ 12ኛ ክፍል በገባችበት ዓመት ቤተሰቡን ሁሉ ሰብስቤ ሥራውን አከፋፈልነው፦ ውኃው የታላቅ ወንድሟ፣ ዕቃ ማጠቡ የታናሽየዋ፣ የእሑድ ቡና የእኔ፣ ገበያው የአባታቸው ሆነ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማጉረምረም ነበር፤ በሦስተኛው ለመዱት። ልጅቱ በቀን ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን ጊዜ አገኘች፤ ለዚህም አንድ ብር አላወጣንም።

ሥራውን በሚያከፋፍሉበት ጊዜ ለልጁ ወይም ለልጅቱ አንዲት ቀላል ሥራ ይተዉ፤ አልጋ ማንጠፍ ወይም ጠዋት ግቢ መጥረግ ይበቃል። ሙሉ በሙሉ ከቤቱ ሕይወት የወጣ ልጅ ራሱን እንደ ዕዳ መቁጠር ይጀምራል፤ ከዚያም አልፎ ጥቂት እንቅስቃሴ ለደከመ አእምሮ ዕረፍት ነው።

ማኅበራዊውን ግዴታ በተመለከተ፣ ከግንቦት እስከ ሐምሌ በቤታችሁ የሚወድቅ የማኅበር ወይም የዝክር ተራ ካለ ከማኅበርተኞቹ ጋር ተነጋግሮ ተራ መለዋወጥ ይቻላል። «ተፈታኝ ልጅ አለብን» ሲባል የሚቀየም ጎረቤት እስካሁን አልገጠመኝም። ለቅሶ ግን ተራ የለውም፤ የቅርብ ዘመድ ሲሞት ልጁ አብሮ ሊያዝን ይገባዋል፤ የሠልስቱን ቀን አብሯችሁ ይዋልና ከዚያ ወደ ጥናቱ ይመለስ። በሐዘን ቤት ሦስት ሳምንት ውኃ ሲያመላልስ የሚከርም ተፈታኝ ግን አይቻለሁ፤ ይህን ማስቀረት የወላጅ ኃላፊነት ነው።

ሦስተኛ፦ ቦታና ብርሃን

የተለየ ክፍል የግድ አያስፈልግም። ቴሌቪዥኑ ከማይሰማበት ጥግ አንድ ጠረጴዛና ወንበር፣ ሌላ ሰው የማይቀመጥበት፣ ይበቃል። መብራት ስለሚጠፋ ቀን ቀን የሚሞላ የእጅ ባትሪ ወይም በፀሐይ የሚሠራ መብራት አስቀድመው ያዘጋጁ፤ በሻማ ማጥናት ዓይን ከማድከሙም በላይ ለእሳት አደጋ ያጋልጣል። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ማንበብ ያስቸግራል፤ በዚያ ሰዓት የሒሳብ ጥያቄ በወረቀት መሥራት ከማንበብ ይሻላል። ቤቱ እጅግ የጠበበ ከሆነ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚሆን ይጠይቁ፤ ወይም ሁለት ሦስት ተፈታኝ ልጆች ያሏቸው ጎረቤታሞች በየተራ አንድ ቤት ይልቀቁላቸው።

አራተኛ፦ ሲያወጣ ያድምጡት

ጎንደር የትምህርት ከተማ ናት ሲባል የሚታወሰን ዩኒቨርሲቲው ብቻ መሆን የለበትም። በበአታ ለማርያም አቋቋም የሚማረው፣ በየአድባራቱም ዜማና ቅኔ የሚቀጽለው የአብነት ተማሪ ትምህርቱን የሚያጸናው ደጋግሞ በማየት ብቻ አይደለም፤ በቃሉ ያወጣዋል፣ መምህሩ ያደምጠዋል፣ የተሳሳተው ላይ ያርመዋል፣ ተማሪውም እንደገና ያወጣዋል። ይህ የአባቶቻችን መንገድ ዛሬ በምርምርም የተረጋገጠ ነው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱን ምንባብ አራት ጊዜ ያነበቡ ተማሪዎችን፣ አንድ ጊዜ አንብበው ሦስት ጊዜ ደግሞ ወረቀቱን ሳያዩ ያስታወሱትን እንዲጽፉ ከተደረጉት ጋር አነጻጽረዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ያህሉን አስታወሱ።

ሽምደዳ ልጁን የሚያታልለው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ ማታ አምስት ጊዜ ያነበበው ገጽ ዛሬ ማታ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ በሳምንቱ ሲጠየቅ ይጠፋበታል። እርስዎ የሚያደርጉት እንግዲህ እንዲህ ነው። ልጁ አንድ ምዕራፍ አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ዘግቶ እርስዎ ያሉበት ይምጣ። ሽሮ እያማሰሉ ወይም ጥጥ እየፈተሉ ሊሆን ይችላል። «በል ዛሬ ያጠናኸውን ንገረኝ» ይበሉት፤ በአማርኛ ያስረዳዎት። ፎቶሲንተሲስ ምን እንደሆነ ለእናቱ በአማርኛ ማስረዳት የቻለ ልጅ ነገሩ ገብቶታል፤ ሲተባተብና «እንግዲህ እንዲህ ነው መሰለኝ» ሲል ያ ቦታ እንዳልገባው ራሱ ያውቃል፤ ተመልሶም ያነበዋል። እርስዎ «ለምን?» እና «ከዚያስ?» ብለው ይጠይቁ። ስሕተቱን ማረም አይጠበቅብዎትም። ማንበብ የሚችሉ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉን ይያዙና በምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች ይጠይቁት።

ሌላው ነገር መደጋገሙን ማራራቅ ነው። ዛሬ ያወጣውን ነገ፣ ከዚያ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ እንደገና ያውጣው። ከፋሲካ በኋላ ይጀመር ያልሁትም ለዚህ ነው፤ ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው የሚጀምር ልጅ ለማራራቅ ጊዜ የለውም።

በሳምንት አንድ ቀን ያለፉ ዓመታትን ፈተና ወይም የትምህርት ቤቱን ሞዴል ፈተና በሰዓት ይሥራ፤ እርስዎ ሰዓቱን ይያዙለት፤ በመካከል ማንም አይጥራው። ውጤቱን ሲያርም «ስንት አገኘህ?» ከማለት ይልቅ «የሳትኸው ለምን ነው? አላወቅኸውም፣ ተቻኩለህ ነው፣ ወይስ ጥያቄው አልገባህም?» ብለው ይጠይቁት። የሦስቱ መድኃኒት የተለያየ ነው፤ ለመጀመሪያው ማጥናት፣ ለሁለተኛው ዝግ ማለት፣ ለሦስተኛው እንግሊዝኛ ማንበብ ያስፈልጋል። ፈተናው ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር በበይነ መረብ መሰጠት ስለ ጀመረ ልጅዎ በየትኛው መንገድ እንደሚፈተን ከትምህርት ቤቱ አስቀድመው ይጠይቁ፤ በኮምፒውተር ከሆነ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ ለሁለትና ለሦስት ቀን እንኳ እጁን ማስለመድ አለበት።

አምስተኛ፦ እንቅልፍ፣ ቡና፣ ጫትና ስልክ

ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ይህ የስንፍና መለኪያ አይደለም፤ ቀን የተጠናው ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰውነታቸው ራሱ አምሽተው እንዲተኙ ስለሚገፋቸው «ጠዋት አልነሣ አለ» እያሉ ከመቆጣት ይልቅ ሰዓቱን ቀስ በቀስ ማስተካከል ይሻላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት የሚነሣ ልጅ ስምንት ሰዓት ተኩል ያገኛል። ለሱብሂ ሶላት ወይም ለኪዳን የሚነሣ ልጅ ከጸሎቱ በኋላ ያለው ጸጥታ ለጥናት የተመቸ ነው፤ ግን ሌሊት 10 ሰዓት የሚነሣ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ቤቱም በዚያ ሰዓት ድምፁን ዝቅ ማድረግ አለበት።

ቡናን በተመለከተ፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሽ ያህሉ ኃይሉ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማም በደም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ተፈታኙ የጠዋቱን ቡና ይጠጣ፤ የማታው ግን ይቅርበት። ጫት «ያነቃል» እያሉ ለጥናት የሚቅሙ ልጆች በከተማችን አሉ። ሌሊቱን ያነቃቸዋል፤ በማግስቱ ግን ያደክማቸዋል፣ ያስከፋቸዋል፣ ምግብ ያስጠላቸዋል፤ በፈተናው ግቢ ውስጥ ደግሞ አያገኙትም። ልጅዎ እንደሚቅም ካወቁ በሰው ፊት አያዋርዱት፤ ብቻውን አስቀምጠው ይህንኑ እውነት በረጋ ድምፅ ይንገሩት፤ ማቆሙም ከፈተናው ብዙ ሳምንታት በፊት ይሁን።

ስልክ ለጥናት ስለሚጠቅም ሙሉ በሙሉ መከልከል አይሠራም። እኛ ቤት የሠራው ስምምነት ይህ ነበር፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ የሁሉም ሰው ስልክ፣ የአባትና የእናትም ጭምር፣ ሳሎን ባለው ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጣል። እኔ ቲክቶክ እያየሁ ልጄን «ስልክህን አስቀምጥ» ብለው እንደማይሰማኝ አውቅ ነበር።

ስድስተኛ፦ ምግብና የሰኔ ጾም

የፈተናው ዝግጅት የመጨረሻ ሳምንታት ከሐዋርያት ጾም ጋር ይገጥማሉ፤ ጾሙ የሚፈታው ሐምሌ 5 ቀን ነው። የጾም ምግብ በራሱ ልጁን አያደክመውም፤ የሚያደክመው ቁርስ ሳይበላ ውሎ ማታ ብቻ መብላት ነው። ልጁ በሰዓት የሚጾም ከሆነና ድካም ከበዛበት ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲነጋገር ያድርጉ። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባና በሶ ሁሉ ኃይል የሚሰጡ ናቸው፤ ቆሎ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ ረኀብ ሲመጣ ጥናቱን አያቋርጥም። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ወዲያው ሲጠጡ ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት በሚገባ እንዳይወስደው ያደርጋሉ፤ ቃሪያና ቲማቲም ደግሞ ይረዱታል። ይህ በተለይ ለሴቶች ልጆች አስፈላጊ ነው።

ሰባተኛ፦ አንደበትዎን ይቆጣጠሩ

በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ በየማታው «የጎረቤታችን ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያድራል» እለው ነበር። «ለአንተ ስል ስንት ነገር ትቻለሁ» እለው ነበር። የማበረታታው መስሎኝ ነው። እርሱ አብሮን መብላት አቆመ፤ የሞዴል ፈተናውን ውጤት ደበቀኝ፤ እኔም ተቆጣሁ። ፈተናው ካለፈ ብዙ ወራት በኋላ «እማየ፣ መጽሐፉን ስገልጥ የሚታየኝ ያንቺ ፊት ነበር» አለኝ። ያን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ይህን መመሪያ ለመጻፍ የተነሣሁትም በእርሱ ምክንያት ነው።

ወላጅ ፈተናውን በልኩ ማየት አለበት። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል የማለፊያውን ነጥብ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ፣ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነዋል። ይህን የምጽፈው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። የእርስዎ ልጅ ቢወድቅ የወደቀው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ ልክ እንዳልሆነ ቁጥሩ ይመሰክራል። ጎረቤትና ዘመድም «ዶክተር ነው የምትሆነው አይደል?» እያሉ ሲያስጨንቁት ልጁን ወክለው የሚመልሱት እርስዎ ነዎት፤ «እርሱ እየሠራ ነው፤ እናንተ ጸልዩለት» ቢሏቸው ይበቃል።

ሲያመሰግኑትም የሠራውን ሥራ ያመስግኑ። «ጎበዝ ነህ፣ ጭንቅላት አለህ» የተባለ ልጅ ከባድ ጥያቄ ሲገጥመው ጭንቅላቱ ያነሰ ይመስለዋል። «ትናንት ያቃተህን ጥያቄ ዛሬ ሦስት ጊዜ ሞክረህ ሠራኸው» የተባለ ግን የሚቀጥለውንም ይሞክራል።

ስምንተኛ፦ ጭንቀቱ ከልክ ሲያልፍ

ከፈተና በፊት ሆድ መረበሽ፣ እንቅልፍ አንዳንድ ሌሊት እምቢ ማለት፣ በትንሹ መቆጣት የተለመደ ነው። ነገር ግን ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ ካጣ፣ ከጓደኞቹ ሁሉ ከተለየ፣ ያለ ምክንያት ካለቀሰ፣ «ብሞት ይሻላል» ወይም «ለእናንተ ሸክም ነኝ» ማለት ከጀመረ ነገሩ ጥናት ማብዛት የሚፈታው አይደለም። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም የተሸከመውን እንዲያወርድ በር ይከፍትለታል። በቤት ውስጥ ያለ የፀረ ተባይ መርዝና መድኃኒት ይቆለፍበት፤ ልጁ ብቻውን አይተው። ጸበልና ጸሎት ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ፤ ፈተናውን እስኪጨርስ ብለው ሳይቆዩ ይውሰዱት። ፈተና በሚቀጥለው ዓመት ይኖራል።

ዘጠነኛ፦ «ፈተናው ወጣ» የሚል ወሬ

በፈተናው ሰሞን በቴሌግራም ጥያቄና መልስ እንሸጣለን የሚሉ ቻናሎች ይበዛሉ። በ2008 ዓ.ም. የፈተናው ጥያቄ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ ተማሪዎች በሌላ ጊዜ እንደገና ስለ ተፈተኑ፣ ወላጁም ወሬውን ቶሎ ያምናል። ለእነዚህ ሰዎች የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም፤ ልጁም ሐሰተኛ መልስ ሲሸመድድ ያድራል፤ በኩረጃ የተያዘ ደግሞ ውጤቱ ሊሰረዝበት ይችላል። ወላጅ ራሱ «እስቲ እንግዛለት» ሲል ልጁ የሚሰማው መልእክት «በራስህ ትችላለህ ብዬ አላምንም» የሚል ነው።

ዐሥረኛ፦ የመጨረሻው ሳምንትና የመሸኛው ቀን

በመጨረሻው ሳምንት አዲስ ምዕራፍ አይጀመርም፤ ያጠናውን ያውጣ፣ ቀደም ብሎ ይተኛ። የመግቢያ ካርዱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር ፊደል ለፊደል መግጠሙን ያረጋግጡ፤ ስሕተት ካለ በዚያው ዕለት ለትምህርት ቤቱ ያሳውቁ። የሚፈቀደውንና የሚከለከለውን ዕቃ ትምህርት ቤቱ ይነግራችኋል፤ ዝርዝሩን በወረቀት ይጻፉትና ሻንጣው ሲዘጋጅ አንድ በአንድ ያመልክቱ። እርሳስ፣ ላጲስና መቅረጫ፣ ሹራብና ጋቢ፣ ለጭቃ የሚሆን ጫማ፣ ሳሙና፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለም አይረሳ። ሴት ልጅ የወር አበባዋ በዚያ ሳምንት ባይጠበቅም የንጽሕና መጠበቂያ ትያዝ፤ ጭንቀት ቀኑን ሊያዛባው ይችላል። ስልክ ስለማይገባ በስልክ ሰዓት ማየት የለመደ ልጅ ስለ ሰዓት አያያዝ የተባለውን ይስማ። መነጽር የሚያደርግ ልጅ መነጽሩን፣ አስም ያለበት የሚስበውን መድኃኒት በእጅ ቦርሳው ይያዝ።

በመሸኛው ጠዋት ምክር አይብዛ። ቁርሱን ይብላ፤ ይመርቁት፤ አያቶች ካሉም ይመርቁት። እኔ ልጄን በሸኘሁ ቀን የተናገርሁት «ቤቱ የአንቺ ነው፤ የመጣው ውጤት ቢመጣ ማታ ሽሮ ይጠብቅሻል» የሚል ብቻ ነበር፤ እርሷም ሳቀች፣ ባጃጁ ውስጥ ገብታም እጇን አወዛወዘችልኝ።

ዐሥራ አንደኛ፦ ተመልሶ ሲመጣና ውጤቱ ሲወጣ

ሲመለስ ሙቅ ውኃና ምግብ ያዘጋጁ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይተኛ። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ አያስደግሙት፤ የተሠራው ተሠርቷል።

ውጤት በወጣ ዕለት ልጁ ራሱ ይክፈተው፤ ዘመድ ሁሉ ዙሪያውን አይክበበው። ቁጥሩን ሲያዩ ፊትዎ የሚያሳየውን ልጁ ስለሚያነብ ከዚያ በፊት በልብዎ ተዘጋጅተው ይቀመጡ። ውጤቱ 50 በመቶ ከደረሰ ወይም ካለፈ ደስታውን አብረው ያክብሩ። ካልደረሰ፣ ለዚያ ቀን እቅፍ አድርገው ይያዙት፤ ስለ ወደፊቱ መነጋገር ለነገ ይቆይ። በማግስቱ ወይም በሳልስቱ በየትምህርቱ የመጣውን ውጤት በወረቀት ይጻፉና መንገዶቹን አብራችሁ ተመልከቱ፦ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ በሚያወጣው የመቁረጫ ነጥብ መሠረት በዩኒቨርሲቲ የሪሚዲያል (የማካካሻ) ትምህርት መከታተል፣ በግል ተመዝግቦ ዳግመኛ መፈተን፣ ወይም በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ሙያ መማር ይቻላል። የእያንዳንዱ የምዝገባ ጊዜ አጭር ስለሆነ ቀኑን ከትምህርት ቤቱ ጠይቀው በደብተሩ ላይ ይጻፉት፤ ሚያዝያ ላይ ምዕራፎቹ የተጻፉበት ያው ደብተር ቢሆን፣ ዳግመኛ ለመፈተን የወሰነ ልጅ ከየት መጀመር እንዳለበት ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ያገኘዋል።